ፓወር ሰፕላይን በቆጣሪና በጆሮ መፈተን

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ሊከፍት ያሰበ ሰው ኮምፒውተር ሲመርጥ ስለ ፕሮሰሰሩ፣ ስለ ራሙና ስለ ሃርድ ዲስኩ አጥብቆ ይጠይቃል። ፓወር ሰፕላዩን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የጠየቀውም «ስንት ዋት ነው?» ይልና ሻጩ «አምስት መቶ» ሲለው ይረካል። ዋቱ ግን ስለ ዕቃው ጠባይ የሚነግረን በጣም ትንሽ ነው። ከሶኬት ከሚወስደው መብራት ምን ያህሉን ለሥራ ያውለዋል? ሲሠራስ ምን ያህል ይጮሃል? እነዚህን ሁለቱን ላብራቶሪ ሳንገባ፣ ቤት ባለ ቆጣሪ፣ በመልቲሜትርና በስልክ መፈተን ይቻላል። ማብራሪያው የኮምፒውተር ጥገና ለሚማሩ የተዘጋጀ ቢሆንም ባለሱቅ ቢያነበው አይጎዳም።

ብቃት ሲባል

የፓወር ሰፕላይ ሥራ ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ኤሲ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ዲሲ መለወጥ ነው። ሲለውጥ ያባክናል። ከሶኬት 140 ዋት ወስዶ ለኮምፒውተሩ 108 ዋት ካደረሰ ብቃቱ 77 በመቶ ነው። ቀሪው 32 ዋት ሙቀት ሆኖ እዚያው ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ፋኑ የሚዞረው ይህን ሙቀት ለማውጣት ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ብቃትንና ድምፅን እንደ ሁለት የተለያዩ ፈተናዎች ሲይዟቸው አልስማማም። በቆጣሪው ላይ ተቆጥሮ የተከፈለበት ብክነት ነው በፋኑ በኩል ጮሆ የሚወጣው።

በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው የብቃት ማረጋገጫ 80 ፕላስ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2004 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። መነሻው ቀላል ነው፤ ዕቃው በ20፣ በ50 እና በ100 በመቶ ጭነት ቢያንስ 80 በመቶ ብቃት ይኑረው ይላል። ከዚያ በላይ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲኒየምና ቲታኒየም የሚባሉ ደረጃዎች ተጨመሩ። ወርቅ በሦስቱ ጭነቶች 87፣ 90 እና 87 በመቶ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ እነዚህ ቁጥሮች የወጡት በ115 ቮልት ነው፤ የአሜሪካ መብራት ነው። በእኛ 220 ቮልት የሚገባው አምፒር በግማሽ ስለሚቀንስ ያው ዕቃ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ነጥብ ይሻሻላል። ማታ ሁሉም ሰው ሲያበራ ቮልቴጁ በሚወርድበት የመስመር ጫፍ ላይ ግን ይህ ትርፍ ይቀንሳል። ሁለተኛው የበለጠ ይነካናል። ጽሑፍ የሚጻፍበት ኮምፒውተር ከ30 እስከ 60 ዋት ቢፈልግ ነው። ይህን በ500 ዋት ዕቃ ላይ ስትጭኑት ከ12 በመቶ አያልፍም። ይህም አብዛኞቹ የ80 ፕላስ ደረጃዎች መለካት ከሚጀምሩበት ከ20 በመቶ በታች ነው። በዝቅተኛ ጭነት ደግሞ ዕቃው ራሱን ለማንቀሳቀስ የሚበላው ድርሻ ስለሚያይል ብቃቱ ያሽቆለቁላል። ከውጭ ተጠቅመውባቸው የሚመጡት የቢሮ ኮምፒውተሮች፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ ዴል ኦፕቲፕሌክሶች፣ 240 ዋት አካባቢ ፓወር ሰፕላይ የሚገጠምላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። «ትልቅ ይሻላል» የሚለው የገበያ ምክር ለዚህ ዓይነት ሥራ የተሳሳተ ነው።

80 ፕላስ ስለ ድምፅ አይመሰክርም። ቆጵሮስ ያለው ሳይበኔቲክስ ግን ለብቃት አንድ፣ ለድምፅ ደግሞ ሌላ ደረጃ ይሰጣል። ከ15 ዴሲቤል በታች ድምፅ ያለውን ከሁሉ በላይ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ጸጥታ የሚለካው ድምፅ በማያስገባ ልዩ ክፍል ውስጥ ነው።

ከመጀመራችን በፊት

የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን አንከፍትም። ተነቅሎም እንኳ ዋናው ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ከኋላ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ መቀየሪያ ካለው 230 ላይ መሆኑን እዩ። 115 ላይ ሆኖ በእኛ ሶኬት ከተሰካ ፈተናው በአንድ ፍንዳታ ያበቃል። ሳጥኑን ከውጭ ስትነኩ ቢነዝራችሁ ሶኬቱ የምድር ሽቦ የለውም ማለት ነው፤ በማጣሪያ ካፓሲተሮቹ በኩል የሚያልፈው ትንሽ ኮረንት መሄጃ ስላጣ ነው። መጀመሪያ የምድር ሽቦው ይስተካከል፤ ፈተናው ይደርሳል።

ቆጣሪው ራሱ መለኪያ ነው

ሶኬት ላይ የሚሰካ የዋት መለኪያ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ለሌሎቻችን መብራት ኃይል ግድግዳችን ላይ የተከለልን ቆጣሪ አለ። በካርድ የሚሞላው ዲጂታል ቆጣሪ ፊቱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለችው። አጠገቧ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ተጽፏል። ቁጥሩ ከቆጣሪ ቆጣሪ ይለያያል፤ የራሳችሁን አንብቡ። ለምሳሌ 1600 ቢል አንዷ ብልጭታ 0.625 ዋት ሰዓት ናት ማለት ነው።

ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፉ። በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ተከራዮች ካሉ አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ምጣድ የሚያህል ጠላት የለም። ሦስት ሺህ ዋት አልፎ የሚሄድ የእንጀራ ምጣድ ጎን ሆኖ የ100 ዋት ዕቃ መለካት አይቻልም። ቮልቴጁንም ይዞት ይወርዳል። ከዚያ የሚፈተነውን ብቻ አብሩና ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲሞቅ ተዉት። አሁን የመጀመሪያዋን ብልጭታ «ዜሮ» ብላችሁ ጀምሩና እስከ አሥረኛዋ ያለውን ጊዜ በስልክ ያዙ። አሥር ብልጭታ 6.25 ዋት ሰዓት ነው፤ 22500ን በሰከንዱ ስታካፍሉ ዋቱ ይመጣል። በ160 ሰከንድ ካለቀ 140.6 ዋት፣ በ184 ሰከንድ ካለቀ 122.3 ዋት ነው። የድሮው የሚዞር ዲስክ ያለው ቆጣሪም ይሠራል፤ በብልጭታው ፈንታ ዙሩን መቁጠር ነው።

ክላምፕ ሜትር ያላቸው ተማሪዎች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ። አምፒሩን በ220 ያባዙና ዋት ያገኙ ይመስላቸዋል። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ኮረንቱን የሚስበው በአጭር በአጭር ምት፣ የቮልቴጁ ማዕበል ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ፓወር ፋክተሩ፣ ማለትም እውነተኛው ዋት ከቮልትና ከአምፒር ብዜት ያለው ድርሻ፣ ወደ 0.6 ይወርዳል። ከላይ ያየነው 140 ዋት በክላምፕ ሜትሩ ስሌት 233 ይሆንና ደህናውን ዕቃ 46 በመቶ ብለን እንጥለዋለን። ቆጣሪው ግን እውነተኛውን ዋት ስለሚቆጥር በዚህ አይታለልም። የክላምፕ ሜትሩ ቁጥር የሚጠቅመው ዩፒኤስ ወይም ጀኔሬተር ለመምረጥ ነው፤ እነሱ የሚሸከሙት ያን 233 ነውና።

ጭነቱን ከየት እናምጣ

የገባውን አወቅን፤ የወጣውን ለማወቅ መጠኑ የሚታወቅ ጭነት ያስፈልጋል። ላብራቶሪዎች ለዚህ የተሠራ ውድ መሣሪያ አላቸው። እኛ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ እንሄዳለን። የመኪና የፊት መብራት አምፖል በ12 ቮልት 55 ዋት አካባቢ ይበላል፤ የሞተር ሳይክል ደግሞ 35። ሁለት የመኪና አምፖል ጥሩ መነሻ ነው።

ፓወር ሰፕላዩ ከሶኬት ተነቅሎ እያለ ከትልቁ ማያያዣ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በአጭር ሽቦ አገናኙ፤ ኮምፒውተር ሳይኖር የሚነሳው በዚህ ነው። አምፖሎቹን ከቢጫና ከጥቁር ሽቦ ጋር አያይዙ። የመጀመሪያውን ካበራችሁ በኋላ ሁለተኛውን ጨምሩ፤ ሁለቱን በአንዴ አይደለም። ቀዝቃዛ የአምፖል ክር ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኮረንት ስለሚስብ ጤነኛው ዕቃ እንኳ ራሱን ለማዳን ሊጠፋ ይችላል። ያረጀ ንድፍ ያለው ዕቃ ከሆነ ቀዩ የ5 ቮልት መስመር ላይም አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሰክታችሁ ትንሽ ጭነት ስጡት። 12ቱን ብቻ ስትጭኑ ቮልቴጁ የሚዛባባቸው ብዙ ናቸው። ሃርድ ዲስኩ የሚበላውን መደመር እንዳይረሳ። አምፖሎቹ እጅ ያቃጥላሉ፤ ቆርቆሮ ላይ ይቀመጡ፣ ከወረቀትና ከጨርቅም ይራቁ።

ቮልቴጁን እዚያው የፓወር ሰፕላዩ ማያያዣ ላይ፣ አምፒሩን ደግሞ ለእያንዳንዱ አምፖል ለየብቻ ለኩ። አብዛኛው መልቲሜትር ከ10 አምፒር በላይ አይችልም፣ ብዙው ክላምፕ ሜትር ደግሞ ዲሲ አያነብም። ቮልቴጁ 12፣ አምፒሩ በድምሩ 9 ቢሆን 108 ዋት ወጣ ማለት ነው። አሥር ብልጭታ 160 ሰከንድ የፈጀበት ዕቃ 77 በመቶ፣ 184 ሰከንድ የፈጀበት 88 በመቶ ብቃት አለው። ቮልቴጁ ከ11.4 ከወረደ ወይም ከ12.6 ከዘለለ ግን ስለ ብቃቱ ማውራት ትታችሁ ዕቃውን መልሱት።

አምፖልና ሽቦ ውስጥ መግባት ለማይፈልግ ሰው ቀለል ያለ መንገድ አለ። ሁለት ፓወር ሰፕላይ በአንድ ኮምፒውተር ላይ እየቀያየረ፣ ያንኑ ሥራ እያሠራ ብልጭታ መቁጠር ነው። የብቃቱን ቁጥር አያገኝም፤ የትኛው እንደሚያባክን ግን በእርግጥ ያውቃል። ለባለሱቅ ይህ ይበቃዋል ባይ ነኝ።

18 ዋት ምን ያደርጋል?

በሁለቱ ዕቃዎች መካከል ያለው ልዩነት 18 ዋት ነው። በቀን 10 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ሲሠራ 4.7 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ለአንድ ኮምፒውተር ንቀን ልናልፈው እንችላለን። ስድስት ኮምፒውተር ላለው ማሠልጠኛ ግን 28 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን እንደሚሄድና ርካሹ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ መሆኑን ስታስቡ 28 ቀላል አይደለም። የዚህ አገር ሰው ነገሩን ከምንጩም ሊያየው ይችላል። ከሰከላ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ጣና ይገባል፣ የጣናን ውሃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ መብራት ይሰጣል። ከደጃችን የሄደው ውሃ በሽቦ ተመልሶ ፋን የሚያስወጣው ሙቀት ሲሆን ያናድዳል።

የሰከላ አየር

ውጭ አገር የተለካ የድምፅ ቁጥር እዚህ ሲመጣ መልኩን ይለውጣል፤ ከፍታ ስላለን። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ያህል ላይ ናት። ቡሬ 2000ን ጥቂት አለፍ ትላለች። የሰከላው ግሽ ዓባይ 2700 አካባቢ ነው። በዚያ ከፍታ ያለው አየር፣ በአንድ ዓይነት ሙቀት ሲነጻጸር፣ ክብደቱ በባሕር ወለል ካለው 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ላይ 79 በመቶ። ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር መጠን አይለወጥም፤ የተገፋው አየር ግን ስስ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ግሽ ዓባይ ላይ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ፋኑ አንድ ሦስተኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ መፍጠን አለበት። ፍጥነቱ ድምፁን ወደ 7 ዴሲቤል ያሳድገዋል፣ የአየሩ መሳሳት ደግሞ ወደ 3 ይቀንስለታል። የተጣራው ጭማሪ 4 ዴሲቤል ገደማ ነው።

ይህ ስሌት የክፍሉን ሙቀት እኩል አድርጎ ነው። ሰከላ ደጋ ነው፤ ፋኑ የሚስበው አየር ቀዝቃዛ በመሆኑ ጭማሪው በአብዛኛው ይካካሳል። የሚቸገረው ቡሬና ፍኖተ ሰላም በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። አየሩ ስስ ነው፣ ክፍሉም ይሞቃል፤ ከቆርቆሮው ሥር የተቀመጠ ኮምፒውተር ከሰዓት በኋላ ሲጮህ የምትሰሙት ለዚህ ነው። ስለዚህ የድምፅ ፈተና በጠዋቱ ቅዝቃዜ ብቻ አይደረግም።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። በብዙ ቻይና ሠራሽ ዕቃዎች መለያ ላይ ተራራና «2000 ሜትር» የሚል ትንሽ ምልክት ታያላችሁ። ዕቃው ከ2000 ሜትር በታች እንዲሠራ ታስቦ ተፈትኗል ማለት ነው። ጉዳዩ የፋን ብቻ አይደለም። አየር ራሱ በሁለት ሽቦዎች መካከል ያለ መከላከያ ነው፤ ሲሳሳ ብልጭታ በቀላሉ ይሻገረዋል። ስለዚህ ለከፍታ የሚሠራ ዕቃ በውስጡ ሰፋ ያለ ክፍተት ሊኖረው ይገባል። ምልክቱ ያለበት ዕቃ ሰከላ ላይ ሲሰካ ይፈነዳል አላልኩም። ግን ግሽ ዓባይ ላይ ለሚገኝ ትምህርት ቤት ዕቃ የሚገዛ ባለሙያ መለያውን አንብቦ ሌላ ቢመርጥ ይሻላል። ምልክቱን እዚህ የሚያነብ ሰው አልፎ አልፎ ነው የምናገኘው።

ድምፁን መለካት

የስልክ መተግበሪያ የሚያሳየውን ዴሲቤል እንደ ፍጹም ቁጥር አትያዙት። ማይክሮፎኑ ለንግግር እንጂ ለጸጥታ አልተሠራም፤ ከ30 ወይም ከ35 በታች ብዙውን አይሰማም። ለማነጻጸር ግን ይጠቅማል፤ ያው ስልክ፣ ያው ርቀት፣ ያው ክፍል ይሁን። አንዱ በ50 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው በ1 ሜትር ከለኩ በርቀቱ ብቻ እስከ 6 ዴሲቤል ይለያያሉ። ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፤ ንዝረቱን ይሰማል። የታጠፈ ጋቢ ላይ ይሁን።

መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ጠፍቶ እያለ የክፍሉን ድምፅ ያዙ። በክረምት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አትድከሙ። ወፍጮ ቤት አጠገብ ከሆናችሁም ማታ እስኪቆም ጠብቁ። የክፍሉ 33፣ ዕቃው ሲበራ 36 ቢሆን የዕቃው ድርሻ 3 አይደለም። የዴሲቤል ነገር እንደ ብር አይደመርም፤ ሁለት እኩል ድምፆች ሲደመሩ 3 ብቻ ይጨምራሉና ዕቃው ራሱ 33 ነው። ልዩነቱ ከ10 በላይ ከሆነ ግን የክፍሉን ረስታችሁ የተነበበውን መውሰድ ትችላላችሁ።

ቁጥሩ የማይነግራችሁን ጆሮ ይነግራችኋል። ሦስት ዓይነት ድምፅ አለ። የመጀመሪያው የአየር ሽውታ ነው፤ ፋኑ ሲፈጥን ይጨምራል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን በግምት 15 ዴሲቤል ይወጣል። ሁለተኛው የኩሽኔታው ነው። ርካሽ ፋኖች ኩሽኔታ ሳይሆን ዘይት የጠጣ ቡሽ ነው ያላቸው፤ ዘይቱ ሲደርቅ ወይም አቧራ ሲገባው ያጓራል። ጠዋት በብርድ ጮሆ ሲሞቅ ዝም የሚል ፋን ይህ ነው። ሦስተኛው ከፋኑ አይደለም፤ ከውስጥ ያሉ ጥቅልሎች ቀጭን ፉጨት ያወጣሉ፣ ማውሱን ስታንቀሳቅሱ እንኳ ቃናው ይለወጣል። በዴሲቤል ትንሽ ነው፤ ሌሊት ለሚጽፍ ሰው ግን ከሁሉም የከፋ ነው። የቱ እንደሆነ ለመለየት ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልላችሁ አንዱን ጫፍ ወደ ዕቃው፣ ሌላውን ወደ ጆሯችሁ አድርጉ፤ ፋኑን እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ።

በዝቅተኛ ጭነት ፋናቸውን ጨርሰው የሚያቆሙ ዕቃዎችም አሉ። ጸጥታቸው ብቃታቸውን ሁልጊዜ አይመሰክርም፤ ሙቀቱን ለጊዜው ውስጣቸው እያከማቹ ሊሆን ይችላል። ጭነቱን ሃያ ደቂቃ አቆዩትና ፋኑ ሲነሳ ቀስ ብሎ ነው ወይስ እየጮኸ የሚለውን እዩ።

ገበያ ላይ

ሱቅ ውስጥ አምፖልና ቆጣሪ ይዞ የሚያስፈትን የለም፤ መለያውን አንብቡ። ትልቁን ዋት ተዉትና የ12 ቮልቱን አምፒር ፈልጉ። «500 ዋት» ተብሎ 12 ቮልቱ ላይ 14 አምፒር ከተጻፈ ዋናው መስመር የሚሰጠው 168 ዋት ነው። 80 ፕላስ የሚመስል ሌላ ቁጥር ያለው ተለጣፊ ብዙ ነው፤ የተመሰከረላቸው ሞዴሎች ዝርዝር ስለሚወጣ ሞዴሉን በስልክ ማመሳከር ይቻላል። ከቢሮ ኮምፒውተር የወጣ ዕቃ ስትገዙ ደግሞ ማያያዣው የራሱ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ቦርዱን ይዛችሁ ሂዱ።

መዝገቡ

የሞከራችሁትን ጻፉት፦ ቀኑን፣ የሶኬቱን ቮልቴጅ፣ የክፍሉን ሙቀት፣ ጭነቱን፣ የአሥር ብልጭታውን ሰከንድ፣ ዴሲቤሉንና ርቀቱን። ውቂያ ሲያልቅ፣ እብቁና አቧራው ሁሉ ቤት ከገባ በኋላ፣ ፈተናውን በዚያው ጭነት ድገሙት። የቡሬ በርበሬ የሚፈጭበት አጠገብ ያለ ኮምፒውተር ካለ ደግሞ ቶሎ ቶሎ፤ የሚያጸዳው ሰው አፍንጫውን ይሸፍን። ሰከንዱ እንዳለ ሆኖ ድምፁ ብቻ ከጨመረ ችግሩ አቧራ ወይም ፋን ነው። መጥረግ፣ ካልሆነም ለባለሙያ ሰጥቶ ፋኑን ማስለወጥ ይበቃል። ድምፁ ጨምሮ ሰከንዱም ካጠረ ግን በዚያው ጭነት ብዙ መብራት መብላት ጀምሯል፤ ፓወር ሰፕላዩ ራሱ እያረጀ ስለሆነ ለፋን የሚወጣው ገንዘብ ለአዲሱ ይዋል።